በሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተሳለው መስመር

ሰው የማላምን ሴት ነኝ። በእርጅና ያመጣሁት ጠባይ አይደለም፤ በደርግ ጊዜ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ስሠራ የለመድኩት ነው። አዳማን ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ደዋዩ «ሄሎ» ሲል፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ምን እንደሚደብቅ አስብ ነበር። ሁለት ሰዎች አገናኝቼ «ተገናኝታችኋል?» ብዬ ሳጣራ ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ፣ እኔን የሚያሙኝ ይመስለኝ ነበር።

ሥራው በእጅ ነው። ፊት ለፊታችን ብዙ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ቆሟል። መቂ ሲደውል የመቂ መብራት ይበራል፤ የገመዱን አንድ ጫፍ እዚያ እሰካለሁ፣ ሌላውን የፈለጉት ከተማ ላይ። ክረምት ሲገባ ግን የመቂ መስመር ይወድቃል። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ሽቦውን የሚቆርጥ ሌባም አይጠፋም። ያኔ መቂ ላይ የተጫነ ሽንኩርት መኪናው ላይ ይበሰብሳል፤ ምጥ የያዛት ሴት ያለችበት ክሊኒክ አምቡላንስ የሚጠራበት መንገድ ያጣል።

አንድ የመንግሥት እርሻ ግን የራሱ መስመር ነበረው። ናዝሬት ካለው ቢሮው ተነስቶ በመቂ አድርጎ ማሳው ድረስ ይሄዳል፤ የሚነጋገሩበት የእርሻው ሰዎች ብቻ ናቸው። የስልኩ ሳጥን ከውጭ የመጣ ነው፤ መሰኪያው ከእኛ ጋር አይገጥምም። ከአምራቹ ባለሙያ በቀር ማንም አይነካውም እየተባለ ይወራ ነበር።

የእኛ የመስመር ሠራተኛ የሁሩታ ሰው ነበሩ፣ ጡረታ የደረሱ። ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ብለው፣ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቀውኝ ይገባሉ። ቁመቴን አይተው፣ «እንጨት ያለቀብን ቀን አንቺን ተክዬ ሽቦ አስርብሻለሁ» ይሉኛል፤ እሳቸው ራሳቸው ከእኔ አያንሱም። የእርሻውን ሳጥን ሲያዩ ሳቁ።

«ልጄ፣ ድምፅ የሚያልፈው በሁለት ሽቦ ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው» አሉኝ።

የእርሻውን ሥራ አስኪያጅና የእኛን አለቃ በቃል አስፈቀዱ። ከእርሻው ቢሮ ወደ እኛ አዳራሽ ሁለት ሽቦ ሳቡና ጫፉ ላይ ለእኛ ሰሌዳ የሚገጥም መሰኪያ አበጁለት። መቂም ሄደው እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ የሕዝቡ መስመር ሲወድቅ ያንን እሰካለሁ፤ መቂም በእርሻው ሽቦ ታወራለች። ሲጠገን እነቅለዋለሁ። ይኸው ነው።

ሽማግሌው አንድ የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። የሠሩትን ነገር ሁሉ ስለው ይሰቅላሉ። «እኔ ብሞት መቂ ዲዳ ሆና ትቅር?» ይላሉ። ይህንንም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ሳሉት፤ የእኛን መስመር በሰማያዊ፣ የእርሻውን በቀይ። ተቀምጠን እንድናየው ከሰሌዳው በላይ፣ ከፍ አድርገው በአራት ምስማር መቱት። ወንበሮቻችን ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ ስለነበሩ፣ ከእሳቸውና ከእኔ በቀር እዚያ እጁ የሚደርስ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ከአርሲ ነገሌ አንዲት ኦፕሬተር ተዛውራ መጣች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አጭር ናት፣ ዝምተኛ። ሰሌዳችንን ስለማታውቀው ለጥቂት ወራት እንደ ተለማማጅ ትሥራ ተባለ። ሁልጊዜ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ተለማማጅ መጻፍ ግዴታው ነው፤ እኔም በጊዜዬ ጽፌአለሁ። ግን ለምን ተዛወረች? ለምን አትስቅም? ገመድ በሰካሁ ቁጥር እስክሪብቶዋ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ጥግ እከታተላት ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች አገናኝቼ ሳጣራ፣ አንደኛው «ናዝሬት ስልክ ቤት ውስጥ ድብቅ መስመር አለ ይባላል» ሲል ሰማሁ። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ተቀይሮ ነበር፤ በቃል የተሰጠውን ፈቃድ አዲሱ አያውቅም። በዚያን ጊዜ ድብቅ መስመር የተባለ ነገር ሰው ያስበላል። ወሬውን ያወጣችው አጭሯ ሴት ለመሆኗ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ለምሳ ሲወጡ ቀረሁ። እጄን ዘርግቼ ወረቀቱን ነቀልኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ አጣጥፌ ከተትኩ፣ ቤት ወስጄ ከሰል ማንደጃው ላይ አቃጠልኩት። ሽማግሌውን ያዳንኳቸው መሰለኝ። እንዲያውም ኮራሁ። ለእሳቸው ግን አልነገርኩም፤ ሰሚ ይኖራል ብዬ ፈራሁ።

በሦስተኛው ቀን የከተማው ካድሬ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ገባ። ሽማግሌው አልደነገጡም።

«የምን ድብቅ፣ ጓድ? ስዕሉ ግድግዳው ላይ ነው። የገባ የወጣው ያየዋል» ብለው ዞሩ።

አራት የምስማር ቀዳዳዎችና በአራት ማዕዘን ነጣ ያለ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ቦታውን ትንሽ አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

ካድሬው «ያልተደበቀ ነገር ታዲያ ለምን ይነሳል?» አለ።

አለቃችን ወለሉን እያየ «እኔ የማስታውሰው ነገር የለም» አለ። እኔም ወደ ሰሌዳዬ ዞርኩ። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። ሽማግሌውን ሲወስዷቸው ፒንሳቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አፍሬ ነበር፤ ከማፈሬ ግን ፍርሃቴ ባሰ። የበለጠ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን አጭሯን ሴት በልቤ ስረግማት መዋሌ ነው።

ለቀናት ወሬያቸው ጠፋ። በመጨረሻ አጭሯ ሴት ደብተሯን በብብቷ ይዛ ለብቻዋ ካድሬው ቢሮ ሄደች። የሄደችበትን ስሰማ፣ ይኸው የቀረውን ልትናገር ነው አልኩ። ለካስ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ስዕሉን እንዳለ ገልብጣው ኖሯል፤ ቀዩን በቀይ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊ። የተለማማጅ ደብተር ደግሞ በየሳምንቱ አለቃ ይፈርምበታል። ከገጹ ግርጌ ምንም የማያስታውሰው አለቃችን ፊርማ ቁጭ ብሏል። ለሠራተኛ በግልጽ የሚያስተምሩትን ነገር ድብቅ ማለት ለካድሬውም አስቸገረው። መስመሩ በደብዳቤ ተፈቀደ፤ ሽማግሌው ተፈቱ።

ሲመጡ ከስተዋል። «አካም ቡልቴ» አሉኝ፣ እንደ ድሮው። የሲሚንቶ ወረቀት አስመጡ፤ አጭሯ ሴት ከደብተሯ እያነበበችላቸው እንደገና ሳሉ። እሷ ወደ ሰሌዳዋ ስትመለስ ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እዚያ የምንደርሰው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

«ማን አነሳው ብለው አልጠየቁዎትም?»

«በየቀኑ።»

«ምን አሏቸው?»

«ንፋስ ይሆናል አልኳቸው።»

የአዳራሹ መስኮቶች አቧራ እንዳያስገቡ ሁሉም በምስማር የተመቱ ነበሩ። ካድሬው ይህንን አይቶ ነበር።

ምስማሩን ያዢልኝ አሉኝ፤ ያዝኩ። ወረቀቱን በዚህ ጊዜ ዝቅ አድርገው፣ በደረታቸው ልክ ለጠፉት። አጭሯም ሴት እንድትደርስበት ብለው መስሎኝ ነበር። መዶሻውን ሲያነሱ ነው ክንዳቸው ከትከሻቸው በላይ እንደማይሄድ ያየሁት።