ድንኳን የቆመበት የብስክሌት መንገድ

እሑድ ማለዳ ከሰፈራችን ከዓለም ባንክ እስከ አየር ጤና በብስክሌት ሄድኩ። ይህን ጉዞ ብዬ መጻፌ ያስቃል፤ ግን ፔዳል ከረገጥኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ልጄ መክሊት አየር ጤና ሥራ አግኝታ፣ «የታክሲ ሰልፍ አልችልም፣ በብስክሌት ልመላለስ» ብላ ነዘነዘችኝ። «መጀመሪያ እኔ ልሂድበት። በሕይወት ከተመለስኩ ትሄጃለሽ» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

የሰፈራችን ጎሚስታ ጎማዬን ነፋልኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ስታጠቅ አይቶ፣
«እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው?» አለኝ።
«አየር ጤና።»
«በዚህ?»
«በዚህ!»

ከጠዋቱ 12:30

ጉም ነበር። የመንገዱ መብራት ገና አልጠፋም። የብስክሌቱ መንገድ ከመኪናው በስሚንቶ ጠርዝና በአጫጭር ብረቶች ተለይቷል። መጀመሪያ ተንገዳገድኩ፤ ከዚያ ጉልበቴ ራሱ አስታወሰ። ባሕር ዳር፣ በሐይቁ ዳር ብስክሌት የምነዳ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆንኩ። ሚኒባሶቹ ከጠርዙ ማዶ ሲያልፉ ድምፃቸው ከጎረቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ነበር።

አንዱ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «እናቴ፣ አየር ጤና ነሽ? ግቢ!» አለኝ።
«ቅደም፣ እደርስብሃለሁ!» አልኩት።

1:00

ጉሙ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር መንገዴን ዘጋው። የለቅሶ ድንኳን! የብስክሌቱን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። ወይ ጉድ፣ አሁን እዚህ ይተከላል? ተናደድኩ። መክሊት ነገ እዚህ ስትደርስ መኪና መሃል ልትገባ ነው።

ግን ለቅሶ ታይቶ ዝም ብሎ አይታለፍም። ነጠላዬን ፈትቼ አዘቀዘቅኩና ገባሁ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩ። ንፍሮ ዘገኑልኝ። የእድሩ ዳኛ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ዘመድ ነሽ?»
«መንገደኛ ነኝ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድንኳኑ የብስክሌት መንገድ ላይ ነው።»

አልተቆጡም። በከዘራቸው አስፋልቱን ነካ ነካ አደረጉት። «ይሄ የሟቹ ግቢ ነበር፣ ልጄ። አጥሩ እዚያ ጋ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ሰጠ። ታዲያ የት እናልቅስለት?»

ንፍሮው አፌ ውስጥ ቀረ። ስለ መክሊት ነገርኳቸው። «ነገ ሥራ ትጀምራለች። በዚህ ነው የምታልፈው።» ቀና ብለው የድንኳኑን ምሰሶ አዩ።

ስወጣ ብስክሌቴን እየገፋሁ በመኪናው መንገድ ዞርኩ። አንድ ሚኒባስ ክርኔን ሊወስደው ምንም አልቀረውም። በስመአብ! እዚያው ቆርጬ ወሰንኩ፤ ልጄ በዚህ አትሄድም። አየር ጤና ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዝኩ፤ ምንም አልጣመኝም።

3:00

ስመለስ ጉሙ ለቋል፤ ድንኳኑ ግን ይራመዳል። ዓይኔን አሸሁ። የእድሩ ወንዶች ምሰሶዎቹን ተሸክመው፣ ሳያፈርሱት፣ ወደ ሟቹ ቤት ግድግዳ ያስጠጉታል። ለቀስተኞቹም ወንበራቸውን ይዘው ከሥሩ አብረው ይሄዳሉ። የሚሰማው የዳኛው ድምፅ ብቻ፣ «ቀስ! ግራውን አንሱ!»

በጠርዙ በኩል አንድ ብስክሌት የሚያሳልፍ ቦታ ተከፈተ።

«በይ እለፊ» አሉኝ ሽማግሌው። «ልጅሽም ትለፍ። ሟቹ ግቢውን የሰጠው ሰው እንዲያልፍበት ነው።»

ለማላውቀው ሰው ከልቤ አለቀስኩ።

ቤት

መክሊት በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «እህስ? በሕይወት አለሽ!»

ጠዋት ስወጣ የማስበው ስለ ስሚንቶው ጠርዝ ብቻ ነበር። ጠርዙ መኪናውን ይከለክላል፤ ለልጄ ቦታ የሚለቅላት ግን ሰው ነው። የብስክሌቱን ቁልፍ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ነገ ድንኳኑ ጋ ስትደርሺ ውረጂ» አልኳት።
«መንገዱ ተዘግቷል እንዴ?»
«አልተዘጋም። የሰው ግቢ ነው።»