በሬ ያልላሰው ጨው

ሐሙስ ጠዋት፣ ደብረ ታቦር። የተሸጠ ጨው ሦስት ኬሻ፣ ካለፈው ሳምንት ሽያጭ የተመለሰ አምስት።

አንዱን የመለሱት ከእብናት የመጡ አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ኬሻውን ሱቄ ደጃፍ ላይ ዘርግፈው፣ «በሬዬ አሸተተና ፊቱን አዞረ። ሰው ብታታልል በሬ አታታልልም!» አሉኝ።

ጨው የሚያመጣልኝ ሹፌር መኪናውን እያራገፈ ነበር። የተወለደው በምሥራቁ በረሃ፣ ጨዉ ከሚወጣበት ሐይቅ ዳር ነው።

«አንተ፣ ሐይቁ እየደረቀ ነው ስትለኝ እኔ ጨው ሊበዛ ነው ብዬ ነበር» አልሁት። (አትሳቁ፤ ነጋዴ ሁሉ የሚያስበው እንዲህ ነው።)

«ውኃው ሸሸ። ውኃውን ወደ ጨው ማድረቂያው የሚስበው ሞተር አሁን የሚያወጣው ከነጭቃው ነው» አለ። «እናንተን ጨው መረራችሁ። እናቴን ግን የምትጠጣው ምንጭ ነው ጨው የሆነባት። ፍየሎቿ አለቁ። ከዚያ ውጪ ስላት እንቢ አለች።»

ጎረቤቴ ባለሱቅ ሰምቶ፣ «ተመስገን፣ እኛ ጣና አለን» አለ። ጣናን የወረረውን እምቦጭ ረስቶት ይሆናል።

አያ ደሴ የበሬያቸውን ነገር ተዉት። «ታዲያ ባዶ መኪና ይዞ ሊመለስ ነው? ለእናቱ ውኃ ጫንለት እንጂ!» ብለው እኔኑ ተቆጡ።

የምንጭነው ውኃ እንደሚያልቅ እኔም፣ ሹፌሩም፣ አያ ደሴም እናውቃለን። ስንት ዘመን ጨውን ለበላንለት ሐይቅ የምንመልሰው ግን ይኸው ነው።

እናንተስ፣ የምትሸጡት ወይም የምትገዙት ነገር ከሚመጣበት አገር እንዲህ ያለ ወሬ ደርሷችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።

ነገ ጠዋት፦ ለውኃው ዘይት ያልነካው በርሜል መግዛት።