ሌባው ያቆየልኝ ስምንት መስመር

ያን ጊዜ አምቦ ውስጥ ፍላሽ እንደ ማተብ አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር። ማተብ የማናስር የጴንጤ ልጆች እንኳ ፍላሽ አስረናል። በኔ ፍላሽ ላይ የነበረው አንድ ፎልደር ብቻ ነው፤ ውስጡ በአራት ዓመት የጻፍኳቸው ስድሳ ምናምን ግጥሞች። ሌላው ቅጂ ለራሴ እየላክሁ የማስቀምጥበት ኢሜይሌ ውስጥ ነበር። ደብተሮቼን የሚያፈስ ጣሪያችን አበስብሷቸዋል። ከነዚያ ግጥሞች ሌላ በሃያ ሁለት ዓመቴ "ይህን ሠራሁ" የምለው ነገር አልነበረኝም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሁልጊዜ ከምጽፍበት ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ኢሜይሌን ልክፈት ብል ፓስወርዴን እምቢ አለ። ደጋግሜ ጻፍሁ። ወደ ፍላሼ ዞርሁ፤ የግጥሞቼ ፎልደር አለ፣ ብነካው ብነካው ግን አይከፈትም። ፍላሹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት።

"ማል ታቴ? ምን ሆንክ?" አሉኝ የቤቱ ባለቤት፣ ከደንበኛ ጋር የጀመሩትን ወሬ ሳያቋርጡ።

"ፎልደሬ አልከፈት አለኝ፣ ኦቦ። ኢሜይሌም።"

ጎንበስ ብለው አዩት። "ቫይረስ በልቶታል። ፎርማት አድርገው።"

"ግጥሞቼስ?"

"የተበላ ነገር ይመለሳል እንዴ? ፎርማት አድርገውና አዲስ ጻፍ። ገና ልጅ ነህ፣ ግጥም አያልቅብህም!" ደንበኛው ሳቀ።

በከተማችን ለቫይረስ የሚታዘዘው መድኃኒት ይኸው አንዱ ነበር፤ ማንም ሁለተኛ ሐኪም አይጠይቅም። በገዛ እጄ ፎርማት አደረግሁት፤ ፍላሹ ባዶ ሆነ። ማታውኑ እህቴ "ባዶ ከሆነ ለኔ ስጠኝ" ብላ ወሰደችው፤ በማግስቱ እዚያው ኢንተርኔት ቤት ለኳየራቸው መዝሙር አስጭናበት አፍ እስከ ገደፉ ሞልታ መለሰችልኝ።

ሐሙስ ዕለት ግን አላስችል አለኝ። ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ቴክኒሻን የሆነ የሰፈሬ ልጅ ጋ ሄድሁ። ፍላሹን ሰካና ፈገግ አለ።

"ገጣሚው፣ ይሄ 'መዝሙር' የሚለውን አየኸው? ፎልደር አይደለም። የፎልደር ልብስ የለበሰ ፕሮግራም ነው። ና፣ ምን እንደሚሠራ እንየው።"

ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ከፈተ። ሳንድቦክስ ይባላል አለኝ፤ ከውጭ ጋር የማይገናኝ፣ ቢበላሽ የማያሳዝን፣ ለመጠቃት የተሠራ የውሸት ማሽን። በውስጡ አንድ ተራ ፎልደር አስቀመጠ፣ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ መዘገበ፣ ፕሮግራሙን ለቀቀውና መልሶ መዘገበ። ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አደረገ።

"ይኸው። እውነተኛውን ፎልደር ደበቀው፣ በስሙ ራሱን አስቀመጠ።"

"ደበቀው? አልበላውም?"

"የሰው ግጥም ምን ይሠራለታል? ያንተም እዚያው ፍላሽህ ላይ ነው የሚሆነው፤ አሁን አወጣልሃለሁ።"

ፎርማት ማድረጌን፣ መዝሙሩንም፣ ኢሜይሌ አልከፈት ማለቱንም ነገርሁት። ፈገግታው ጠፋ። የተደመሰሰ ፋይል በሚያወጣ ፕሮግራም ፍላሹን ሁለት ጊዜ አሰሰው። የወጣው መዝሙር ብቻ ነው። ሌባው ያልነካውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ያዘነልኝ መሰለኝ፤ ዝም ብሎ እንዳልቀመጥ ብሎ ይሆናል፣ "ፓስወርድህን እንዴት እንደወሰደው ደግሞ እንይ" አለ። ፕሮግራሙ ለብዙ ደቂቃ ምንም አላደረገም። "ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪመጣ ነው የሚጠብቀው" አለና የውሸት የኢሜይል ገጽ ከፈተ። "የውሸት ስምና ፓስወርድ ጻፍ። ከዚያ ያሻህን ጻፍ።"

በእንግሊዝ ፊደል አማርኛ ጻፍሁ፤ ሁልጊዜ የምጽፈው እንደዚያ ነው። ሳላስበው ከግጥሞቼ አንዱ፣ ስለ ወንዛችን ስለ ሁሉቃ የጻፍሁት፣ ስምንት መስመሩ በሙሉ፣ ከጣቴ ወጣ።

ቴክኒሻኑ ፕሮግራሙ የፈጠረውን አንድ የተደበቀ ፋይል ፈልጎ ከፈተልኝ። የውሸት ስሙ፣ የውሸት ፓስወርዱ፣ ከሥሩ ግጥሜ ተራ በተራ ተጽፏል። "አሸዋው" ብዬ አጥፍቼ "ድንጋዩ" ያልሁት እንኳ ከነስህተቱ አለ። ፕሮግራሙም ያንን ፋይል ይዞ የማላውቀውን የውጭ አገር አድራሻ እያንኳኳ ነበር፤ እዚህ ግን በሩ ዝግ ነው።

"ኢንተርኔት ቤት የጻፍሁትስ?"

"እዚያ በሩ ክፍት ነው። ቫይረሱ ከገባ ጀምሮ የጻፍኸው ሁሉ ሄዷል። ፓስወርድህን ወስደው የቀየሩብህም እንደዚያ ነው።"

ስለዚህ ከግጥሞቼ የተረፈ ካለ ያለው አማርኛ ከማያነብ ሰው እጅ ነው። ከፓስወርድ በቀር ሌላውን እንደ ገለባ የሚጥል ሰው።

"በቃ፣ ማሽኑን ወደ ጠዋቱ ልመልሰው" አለ። አንድ ቁልፍ ሲነካ ሁሉም ነገር ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ወደነበረበት ይመለሳል። እጁን ያዝሁት።

"ቆይ! ልገልብጠው።"

"ያንተ ግጥም አይደል? አታስታውሰውም?"

አላስታወስሁትም። ጣቴ እንጂ አፌ አያውቀውም ነበር። እስክሪብቶ ተበድሬ ከሌባው ፋይል ላይ ገለበጥሁ፦

ሁሉቃ ሲጎድል ድንጋዩ ይታያል፣
ሰው ሲጎድል ጊዜ ምኑ ብቅ ይላል?

ቀሪዎቹንም ስድስት መስመሮች። ስጨርስ "ልመልሰው?" አለኝ። ሌላ ግጥም ይመጣ እንደሆነ ብዬ ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አሳርፌ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም።

"መልሰው" አልሁት።