ጉም ውስጥ የተጠራ ስም

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴን ልጅ ማንጠግቦሽን ደባርቅ ቀበርናት። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ ወደ ልጆቿ ዞረው «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቿ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ትልቁ ስልኩን አውጥቶ ዛሪማ ላሉ ዘመዶች ደወለ፤ እዚያም የሚያውቅ አልተገኘም። የንስሐ አባቷም ካረፉ ቆይተዋል። ከሴቶቹ መካከል ተነሥቼ ቄሱ ዘንድ ቀረብኩና በጆሯቸው ነገርኳቸው።

ኋላ ልጁ «እርስዎ በምን አወቁ?» አለኝ።

ረጅም ነገር ነው ብዬ አለፍኩት። ረጅም ሆኖ አልነበረም። የአንድ ከሰዓት በኋላ ነገር ነው።

ያኔ ጎንደር ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ ለክረምት አባቴ ቤት መጥቼ ነበር። ቤታችን ዳባትን አልፎ፣ ከመኪናው መንገድ ወደ ገደሉ ጥግ ዝቅ ብሎ ነው። በዚያ ዓመት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ታናናሾቼ አራት ናቸው። አክስቴ አለምነሽ ደግሞ የዛሪማን የክረምት ወባ ሸሽታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወጥታለች፤ አንዱ ገና የሚታዘል፣ ሁለተኛዋ የአምስት ዓመቷ ማንጠግቦሽ። ቆላ ያደገች ልጅ ስለሆነች ጉም አይታ አታውቅም። የመጣች ሰሞን በር ላይ ቆማ «እማዬ፣ ሰማዩ ወደቀ!» እያለች ስትጮህ ቤቱ በሙሉ ሳቀባት።

ገብሱንና ባቄላውን አረም ውጦት ነበር። ጎረቤቱ ወንፈል ገብቶ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርማል። ትልልቆቹ በጠዋት ሲወጡ ልጆቹ፣ ጥጆቹና ምሳው ለእኔ ይቀራሉ። እርጥብ እንጨት አይነድም፤ የታጠበ ልብስ ለሦስት ቀን አይደርቅም። አንዱን ልጅ ከጭቃ ሳወጣ ሌላው ይገባል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ገደሉ ነበር። ማሳችን የሚያልቀው እሱ ጋ ነው። ባቄላው ካለቀበት በኋላ ጥቂት የአስታ ቁጥቋጦ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ከታች የሞላው ጅረት ቀን ከሌት ይጮኻል።

ልጆቹን አንድ ቦታ ለማስቀመጥ ያልሞከርኩት አልነበረም። አንድ ቀን መላው ሲጠፋኝ እኔ ራሴ የማላምንበትን ነገር ነገርኳቸው።

«ጉም ሲወርድ ጅብ ይወጣል» አልኩ። «የሰው ስም ሰምቶ ይይዛል። ከዚያ በሰው ድምፅ ይጣራል። አቤት ያለውን ይዞት ይሄዳል።»

ታናሼ የሺ አሥር ዓመቷ ነው፤ ምላሷ አያርፍም። «እና እውነተኛ ሰው ሲጠራንስ በምን እንለያለን፣ ተማሪዋ?» አለችኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ወዲያው ግን መልስ መጣልኝ። «ጅብ የክርስትና ስም አያውቅም። በክርስትና ስማችሁ የጠራችሁ እሱ ሰው ነው።»

በመልሴ ደስ እንዳለኝ ትዝ ይለኛል። በአገራችን የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ክፉ ሰው ከሰማው ያስድግምበታል ይባላል። አክስቴም ለፍልሰታ ቁርባን ስትል ለማንጠግቦሽ ስሟን ያስተማረቻት በዚያው ሰሞን ነበር፤ «ቄስ ሲጠይቁሽ ብቻ ተናገሪ» ብላ።

ወንፈሉ እኛ ማሳ የዋለው በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ሃያ የሚሆን ሰው በተርታ ሆኖ ጎንበስ ብሏል። ልጆቹን በማሳው ዳር ካለችው የጥበቃ ጎጆ ውስጥ አስቀምጬ ከኋላዋ ድንች እቀቅላለሁ። ጎረቤታችን አያ ቢተው ከተርታው ቀና ብለው «ተማሪዋ! ይህ ድንች ለዘንድሮ ፍልሰታ ነው ወይስ ለከርሞ?» ብለው ሰውን አሳቁብኝ። ጾሙ የሚፈታው በዘጠኝ ሰዓት ስለነበረ ገና ጊዜ ነበረኝ።

ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሣ። መጀመሪያ ቁጥቋጦው ጠፋ፣ ቀጥሎ የአራሚዎቹ ጀርባ። ወደ ጎጆዋ ገብቼ ልጆቹን ቆጠርኩ። አንድ ጎደለች።

«ማንጠግቦሽስ?»

«ሽንቴ መጣ ብላ ወጣች» አለች የሺ።

ወጥቼ ተጣራሁ። መልስ የለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደግሜ ጠራሁ፤ የሚመልስልኝ ጅረቱ ብቻ ነበር። አራሚዎቹ ሰምተው መጡ። አባቴ፣ እናቴ፣ አክስቴ፣ ሁሉም በየአቅጣጫው «ማንጠግቦሽ! ማንጠግቦሽ!» ይላል። የሃያ ሰው ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ይወጣል፤ ሰዎቹ ግን አይታዩም። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ልጅቷ በሕይወት ካለች እየሰማችን ነው። የሚሸሽ እግሯ ደግሞ ወዴት እንደሚወስዳት አላውቅም።

ወዲያው አልተናገርኩም። ይህን መጻፍ አለብኝ። በመጀመሪያ ከሰዉ ራቅ ብዬ «ወለተ ማርያም፣ ወለተ ገብርኤል፣ ወለተ ሥላሴ» እያልኩ የማውቀውን ስም ሁሉ ሞከርኩ። ያገሬ ሴት ግማሿ ወለተ ማርያም ናት፤ አንዱ ይሆናል ብዬ ነው። አልሆነም። አባቴ ገመድ አምጡ ሲል ስሰማ መሞከሬን ተውኩ። ሄጄ የአክስቴን ቀሚስ ያዝኩ።

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ። በስማችሁ የጠራችሁ ጅብ ነው ብያቸዋለሁ። በክርስትና ስሟ ካልጠሯት አትወጣም።»

በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እኔን አየች፤ ቀጥላ በዙሪያዋ የቆመውን ሰው አየች። አብዛኛውን አታውቀውም። ልጇን ለማትረፍ ከክፉ ሰው የምትሸሽገውን ስም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልትጮህ ነው።

አያ ቢተው ነገሩ ገብቷቸዋል። «ጆሯችሁን ድፈኑ!» አሉ። «ወንድም ሴትም፣ ሁላችሁም! የሰማ ሰው ጆሮው አይማረው!»

ሰዉ የያዘውን ጣለ። አጠገባችን ያሉት ጭቃ በለበሰ እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው፣ ዐይናቸውን ጭምር ጨፍነው ቆሙ። የማይታዩትም ዝም አሉ። አክስቴ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣትም፤ በጩኸት ተዘግቶ ነበር። በጆሮዬ ነገረችኝና «አንቺ ጥሪያት» አለች፣ በትንፋሽ ብቻ።

ጠራሁ። ጅረቱ ጮኸ። እንደገና ጠራሁ።

«አቤት» የሚል ድምፅ መጣ።

ከጎጆዋ ሠላሳ እርምጃ አይሆንም። ከገደሉ አፍ ያለው የመጨረሻው አስታ ሥር፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የአንድ እግሯ ተረከዝ ከአፈሩ ውጭ ነበር። በእንብርክኬ ሄጄ ክንዷን ያዝኳት። ብርድ አንቀጥቅጧታል፤ አላለቀሰችም።

«ስንቴ ጠራኝ መሰለሽ» አለችኝ በጆሮዬ። «ያንቺን ድምፅ ሰርቆሽ ነበር። አልመለስኩለትም።»

እናቷ ከእጄ ተቀበለቻትና ወደ ቤት ይዛት ሄደች። ድንቹ አርሮ ነበር። ሰዉ የቻለውን ልጦ በላ፤ አያ ቢተው እንኳ ስለ ድንቹ አልቀለዱም። አክስቴ እስከ መስከረም ድረስ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አላነሣችብኝም። ስትሄድ ብቻ፣ አውቶቡሱ ላይ ልትወጣ ስትል፣ «ያ ስም እንግዲህ ካንቺ ጋርም ነው ያለ» አለችኝ።

ለልጆቹ በማግሥቱ ውሸቴን እንደነበር ነግሬያቸዋለሁ። የሺ «እኔማ አውቄ ነበር» አለች። ማንጠግቦሽ ትክ ብላ አየችኝና «እሺ» አለች። አላመነችኝም። አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ደባርቅ ሱቅ ከፍታ ሳለች እንኳ በአንድ ጥሪ አቤት ብላ አታውቅም። ስልክ ስታነሣ ዝም ትልና የደወለው ሰው በደንብ እስኪናገር ትጠብቅ ነበር። ልጆቿ ይስቁባት ነበር። እኔ ስደውል «ማንጠግቦሽ፣ እኔ ነኝ» እላለሁ፤ እሷ ግን ያኔም ትንሽ ትቆይ ነበር። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሁልጊዜ ያ ገደል ይታየኝ ነበር።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ትምህርት ሲዘጋ ቤቴን ይሞሉታል። ጉሙም እንደ ዱሮው ይወርዳል። ልጄ «ዝም በሉ፣ ጅቡ ይመጣል» ስትላቸው ከሰማሁ አስቆማታለሁ። ያለ ወትሮዬ ስለምቆጣ ትገረማለች፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

ስሙን እዚህም አልጽፈውም። የቀበርናት ዕለት ጠዋት ጉም ነበር፤ ከመቃብሩ ማዶ የቆሙት ሰዎች አይታዩም። ቄሱ በግዕዙ መካከል ያን ስም ሲጠሩ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔ ሳላስበው ጆሮዬን ወደ ሣጥኑ አዘነበልኩ።