ቦቢ እህል እምቢ ያለ ጊዜ

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ውሻዋ ቦቢ እህል እምቢ አለ። ሥጋ ገዛሁለት፣ የጫሞ ዓሣ ቀቀልኩለት፤ ሳህኑን ያይና ወደ እኔ ቀና ይላል። የእንስሳት ሐኪሙ መርምሮት «ምንም አላገኘሁበትም» አለኝ። አጥንቱ ገጦ ሲወጣ፣ እሱንም ልቀብረው ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

በሳምንቱ የባለቤቴ እህት ከላንቴ ሙዝ ይዛልኝ መጣች። ምሳ አቀረብኩ፤ ለቦቢም እንደ ልማዴ አስቀመጥኩለት። እሷ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጸሎት አደረገች። ገና «አሜን» ከማለቷ ቦቢ ሳህኑ ላይ ተደፍቶ ይበላ ጀመር።

«ጋሼ፣ እህቴ እኮ ሳትጸልይ አታበላውም ነበር። አንተ አትጸልይም እንዴ?»

ሚስቴን ከቀበርኩ ጀምሮ አልጸለይኩም። አሁን ግን በቀን ሁለቴ ከቦቢ ሳህን ፊት ቆሜ ያኮረፍኩትን ጌታ አመሰግናለሁ።