ለፎቶ የመጣ ሌዘር

በስብሰባ ላይ ዝም ማለትን እንደ ሙያ ይዤው ኖሬአለሁ። ጋምቤላ ውስጥ ባለ ኮሌጅ ፊዚክስ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ የሚመጡትን እንግዶች ሁሉ በጨዋ ፊት ተቀብሎ በጨዋ ፊት መሸኘት ለምጃለሁ። ስለዚያ ጉብኝት ግን ዝም ማለቱ ራሱ እየቀፈፈኝ መጥቷል።

ኳንተም ቴክኖሎጂ የሚሉት ምርምር የብርሃንንና የአተምን ረቂቅ ባሕርይ ለስሌትና ለልኬት ለማዋል የሚደረግ ጥረት ነው። የባሕር ማዶ መንግሥታት ለዚህ ምርምር በጋራ ገንዘብ ይመድባሉ፤ ገንዘቡም የሚሰጠው ከተለያዩ አገሮች ለተጣመሩ ተቋማት ነው። ከተጣማሪዎቹ አንዱ እንደ እኛ ካለ አገር፣ ያውም ከጠረፍ፣ ሲሆን ማመልከቻው ይበልጥ ይወደዳል። እኛም የተፈለግነው ለዚሁ ነበር። በምላሹ ከትምህርት ክፍላችን አንድ ሰው በውጭው ቤተ ሙከራ እንዲሠለጥን በቃል ተስማማን። ያ ሰው ማን እንደሆነ አላጠያየቀንም። ያስተማርኋት፣ አሁን ከእኔ ጋር የምታስተምር፣ የዚሁ ከተማ ተወላጅ የሆነች ወጣት መምህርት ናት። ነጠላ የብርሃን ቅንጣት እንዴት እንደሚለካ በጠመኔ እየሣለች ታስረዳለች፤ መለኪያውን ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

የጥምረቱ አስተባባሪ ከአዲስ አበባ፣ የምርምሩ መሪ ደግሞ ከባሕር ማዶ መጡ። አስተባባሪው ሌዘርና መለኪያ የያዘ ሣጥን ከፈተ፤ ነጭ ጋወን አለበሳትና እጇን መሣሪያው ላይ እንድታሳርፍ ነገራት።

«ላብራው?» አለችው። መብራት አልጠፋም ነበር።

«ተይው እህቴ፣ ፎቶ ላይ አይታይም።»

ፎቶው ተነሣ፤ ሣጥኑም ወዲያው ተቆለፈ።

«ጎበዝ! አማርኛሽ ደግሞ እንዴት ያምራል!» አላት።

«የእርስዎም ያምራል» አለችው።

ባሮ ዳር ምሳ ቀረበልን። አስተባባሪው የዓሣውን እሾህ እየለቀመ፣ ቀላል ወሬ እንደሚያወራ ሰው ወደ እኔ ዞረ።

«ዶክተር፣ እሷን እዚሁ በማኅበረሰብ ግንዛቤ ሥራ ላይ አድርገናታል። ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ድረስ ሄዳ ወጣቶቹን ብታነቃቃ፣ ሪፖርታችን እንዴት እንደሚያምር!»

«ሥልጠናውስ?» አልሁት።

«እሱ ቤተ ሙከራ ላላቸው ተቋማት ሆኗል።»

«እኛ የለንም። የምሄደው ለዚህ አይደለም እንዴ?» አለች እሷ።

ላቡን በሶፍት እየጠረገ ሣቀ። «እህቴ፣ የኳንተም ማሽን እኮ ከበረዶ የባሰ ቅዝቃዜ ነው የሚፈልገው። እዚህ ሙቀቱን ሰውም አልቻለ!»

«የምሄደው እኔ ነኝ። ጋምቤላን ተሸክሜ አልሄድም።»

ከዚያም ፊቷን ወደ ውጭው ሰው መልሳ፣ በቤተ ሙከራዎ ይቀበሉኛል ወይ ስትል በእንግሊዝኛ በቀጥታ ጠየቀችው። ሰውየው ሹካውን አስቀመጠ፤ አስተባባሪውን በዓይኑ ፈለገ፤ ከዚያም ፍጹም ትሕትና በተሞላ ድምፅ፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ መልካም አጋጣሚ ሊኖር እንደሚችል ነገራት። የአስተባባሪው ሣቅ አናዶኝ ነበር፤ በዚህኛው ትሕትና ግን ሳህኔን ገፋሁት። ባለጌ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ምግቤን እጨርስ ነበር። ስማችንን፣ ፊታችንን፣ ድህነታችንን ሳይቀር ለማመልከቻው ፈልገዋል፤ ያልፈለጉት አእምሮዋን ብቻ ነው። ይህን ያቀነባበረልን ደግሞ የገዛ አገራችን ሰው ነው።

ሳህኑ ሲነሣ የስምምነቱ ወረቀት ወጣ። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ማለትም ለእኔ፣ እስክሪብቶም ቀረበልኝ።

«እሷ ካልሄደች አልፈርምም» አልሁ።

አስተባባሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶክተር፣ በዕድሜዎ እንዲህ አይበሉ። ሌላ ኮሌጅ እኮ በአንድ ስልክ አገኛለሁ።»

«እንግዲያው ይደውሉ።»

እዚያው ባሮ ዳር ቆሞ ደወለ። ወዲያው ሲስቅ ሰማሁት፤ የተሳካለት ሰው ሣቅ ነበር። የውጭው ሰው እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ስለ መስተንግዷችን አመሰገነኝ። መኪናቸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲሄድ፣ እጄን በሳሙና ታጠብሁ። የዓሣው ቅባት ብቻ እንዳልነበረ የታወቀኝ ደጋግሜ ስታጠብ ነው።

እሷ ከሰዓት በኋላ ክፍል ነበራትና አብረን በእግር ተመለስን። በራሴ ረክቼ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ከስንት ዘመን በኋላ አፌ መከፈቱ ደስ ብሎኛል። የክፍሏ በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

«አለመፈረምዎ ልክ ነው፣ መምህር» አለችኝ። «ግን እኔ አሁን የት ሄጄ ልማረው?»

ተማሪዎቿ ተነሥተው እየጠበቋት ነበር። ጠመኔዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ገባች።