የአያ ታከለ ግጥም

ትናንት ጠዋት... እዚሁ ማርቆስ ከተማ በምሰራበት የግል ሆስፒታል፣ ከሉማሜ ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ ቡአ ሊታከሙ ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ። ልባቸው ደካማ ነው፣ አስምም አለባቸው። ስለዚህ ሙሉ ማደንዘዣ አልተሰጣቸውም፤ ብሽሽታቸው ብቻ በመርፌ ደነዘዘ። ከደረታቸው በታች በአረንጓዴ ጨርቅ ተጋረደና እኔ ነርሷ ራስጌያቸው ቆምኩ።

ሰውዬው ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ዶክተሩ ይሰራል፣ እሳቸው ያስቁናል።

«ልጄ፣ ውጭ ላሉት ልጆቼ ጨጓራ ነው በያቸው።»

«ምነው አባባ፣ ቡአ ነውር ነው እንዴ?»

«ነውር ነው እንጂ! በእኛ አገር አያ ታከለ የሚባል ቡአ የወረደው ሰው ነበር። ሰርግ ላይ ግጥም ገጠምሁለት» አሉና በዜማ አወረዱት።

«ታከለን አየሁት እግሩን አንፈራጦ፣
ትልቅ የጠላ ቅል በሱሪው ሸጉጦ።»

ሳቃችን አመለጠን።

«ዛሬም ድረስ ይዘፍኗታል» አሉ ኮራ ብለው። «እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ከቤቱ መውጣት ተወ።»

ዶክተሩ ብቻ አልሳቀም።

ሽማግሌው ቀጠሉ። «አንተስ ዶክተር፣ የማን ልጅ ነህ?» ይቺን ሳይጠይቅ የሚያልፍ የጎጃም ሽማግሌ አላየሁም።

«የአያ ታከለ» አለ፣ እጁን ሳያቆም። «ሲሞት ሕፃን ነበርኩ።»

እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። የልብ ምታቸውን የሚያሳየው ማሽን ይጮህ ጀመር።

«አይንቀሳቀሱ አባባ፣ አንጀትዎ እጄ ላይ ነው። አባቴ ሰው እንዳይስቅበት ብሎ ሳይታከም አንጀቱ ታንቆ ነው የሞተው። ግጥሟ ስትነሳ እናቴ ጆሮዬን ትደፍንብኝ ነበር። እስኪ ይድገሙልኝ።»

«ማረኝ ልጄ...»

«ይድገሙልኝ።»

ደገሙ። እንባቸው ጆሯቸው ውስጥ እየገባ ደገሙ። ዶክተሩ እስኪጨርሱ ጠብቆ «ያምዎታል?» አላቸው።

«አያመኝም።»

«ጥሩ» ብሎ መስፋት ጀመረ። እንደዚያ ያለ ንጹህ ስፌት አይቼ አላውቅም። ወጥቶም ለልጆቻቸው «ጨጓራ ነው» አላቸው።

ሁለቱም አሳዘኑኝ።

ከሰዓት በኋላ መሳሪያ እያጠብኩ ሳላስበው እያንጎራጎርኩ ኖሯል። «...በሱሪው ሸጉጦ» ላይ ደርሼ ዞር ስል፣ ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሟል።

ምን ላድርግ... የሰውየውን አባት የገደለችው ግጥም ዜማዋ ክፉኛ ጥሩ ነው።